እንግዳ የነካው ጎረቤት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ዓለም የኮሮናን ወረርሽኝ ፈርቶ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ኤላይጃ ዉድ የተባለው የፊልም ተዋናይ ወደማያውቀው ሰው ደሴት በአውሮፕላን ሄደ። ዉድን ብዙዎቻችሁ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በተባሉት ፊልሞች ውስጥ ፍሮዶን ሆኖ ሲተውን አይታችሁታል። ደሴቱም አውሮፕላኑም ግን ያሉት በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው። የደሴቱ ባለቤት እዚያ ያለው ሱቅ ስራስር በጥሩ ዋጋ እንደሚገዛ በትዊተር ተናግራ ነበር፤ ዉድም አስፈቅዶ መጣና የያዘውን ሸጠ። ወሬው በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲዞር አንድ ነገር ተደጋግሞ ተነሣ፤ ተዋናዩ ከዛፍ ላይ ፍሬ ከመልቀሙ በፊት ፈቃድ ጠይቋል።

በዚህ ጨዋታ የተለቀመ ፍሬ በሦስተኛው ቀን መልሶ ያፈራል። ቢለቅመው የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ጠየቀ፤ እኛም የምንጠይቀው አለን። እንግዳ ደሴቱ ላይ ሲያርፍ ምን ይነካል? ሲሄድስ ምን ትቶ ይሄዳል? በተለይም እዚያ በሚኖሩት፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው በኮምፒውተር በሚንቀሳቀሱት ጎረቤቶች ላይ።

ጨዋታው «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ኒንቴንዶ ስዊች ለተባለው መጫወቻው እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 አወጣው፤ እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። የሚገደል ጠላት የለበትም፤ የሚሸነፍም የለም። ተጫዋቹ አንዲት ባዶ ደሴት ላይ ድንኳን ተክሎ ይጀምራል። ዓሣ ያጠምዳል፣ ቢራቢሮ ይይዛል፣ አበባ ይተክላል፣ ቤት ሠርቶ ዕዳውን ቀስ እያለ ይከፍላል። ሰዓቱ ከእውነተኛው ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል፤ እናንተ ዘንድ ሲመሽ እዚያም ይመሻል፣ እናንተ ዘንድ እሑድ ሲሆን እዚያም እሑድ ነው።

የጨዋታው ነፍስ ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። በሁለት እግራቸው የሚሄዱ፣ ልብስ የሚለብሱ እንስሳት ናቸው፤ ድመት አለ፣ ድብ አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ ፍየል አለ። አንድ ደሴት ከእነዚህ ቢበዛ 10 ይይዛል፤ የሚመረጡት ግን ከ400 ከሚበልጡ ገጸ ባሕርያት መካከል ነው። ዐመላቸው በ8 ይመደባል። ስለ ምግብ ብቻ የሚያወራው ሰነፍ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስፖርት የሚሠራው አለ፣ ትንሽ ኩራት የሚነካካት እመቤት አለች፣ ወጣቱ ሁሉ የሚያበሽቀው ሽማግሌ አለ። እያንዳንዳቸው አረፍተ ነገራቸውን የሚዘጉበት የየራሳቸው ቃል አላቸው። ከተጫዋቹ ጋር ወዳጅነታቸው በሰላምታ፣ በስጦታና በደብዳቤ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በጣም የቀረበው ጎረቤት አንድ ቀን በፍሬም የተደረገ ፎቶግራፉን ይሰጣል፤ ተጫዋቾች ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ አያውቁም።

ይህን ዓለም የፀነሱት ካትሱያ ኤጉቺ ናቸው። ኤጉቺ በቺባ ግዛት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ኒንቴንዶ ሲቀጥራቸው ቤተሰባቸውንና ጓደኞቻቸውን ትተው ወደ ኪዮቶ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ነው ከሰው መሐል መኖር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባቸው፤ ያንን ስሜት በጨዋታ እንዴት እንደሚመልሱት ማሰላሰል የጀመሩትም በዚያ ናፍቆት እንደሆነ በቃለ ምልልስ ተናግረዋል። ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ከሥራ አምሽተው የሚገቡ አባት ስለነበሩ ከቤተሰባቸው ጋር ቁጭ ብሎ ለመጫወት ሰዓቱ አይገጥምላቸውም። ስለዚህ ቤተሰቡ ቀን የተጫወተበትን መንደር አባት ማታ ገብቶ የሚያገኘው፣ የልጆቹንም ዱካ የሚያይበት ጨዋታ አሰቡ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰዓት መገናኘት ለማይችሉ ሰዎች የተሠራ መንደር በመካከላቸው የሚመላለስ ያስፈልገዋል። ልጁ ቀን ያነጋገረው ድብ ማታ አባትየውን ሲያገኝ ስለ ልጁ አንድ ነገር ይናገራል። ጎረቤቱ ከጥንስሱ ጀምሮ ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ወሬ አመላላሽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጎረቤቱ ላይ ምልክት መቅረቱም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ እንጂ በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2001 ኒንቴንዶ 64 ለተባለው መጫወቻ በጃፓን ብቻ ወጣ። ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ በራሱ በካርትሪጁ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር መጫወቻው ጠፍቶም ቀኑ ይቆጠራል። በአንድ መንደር 4 ሰዎች በየተራ ይኖሩ ነበር። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002፣ ጌምኪዩብ ለተባለው መጫወቻ የተዘጋጀው ቅጂ አሜሪካ ሲደርስ እንግድነት እንዴት እንደነበር ዛሬ ለወጣቶች ቢነገራቸው ይገርማቸዋል። ኢንተርኔት የለም። መንደራችሁ የተመዘገበበትን ሚሞሪ ካርድ ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ፣ በእግር ወይም በታክሲ ጓደኛችሁ ቤት ትሄዳላችሁ። ካርዱን ትሰካላችሁ፤ በጨዋታው ውስጥ ደግሞ ባቡር ተሳፍራችሁ የጓደኛችሁ መንደር ትወርዳላችሁ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከጎረቤቶቻችሁ አንዱ ዕቃውን ጠቅልሎ እዚያው መቅረቱን ልትሰሙ ትችላላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ለኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው «ዋይልድ ወርልድ» በዋይፋይ በኩል ሩቅ አገር ያለ ሰው መንደራችሁ በር ላይ እንዲቆም አደረገ። እዚህ ላይ የእንግዳ ዱካ በጣም ደስ የሚል መልክ ያዘ፤ ቃል ሆነ። ጎረቤት አንዳንዴ ተጫዋቹን አዲስ አባባል እንዲያስተምረው ይጠይቃል። የተማረውን ሲናገር ሌላው ጎረቤት ይሰማዋል፣ እሱም ይወስደዋል፣ ሰንብቶ ግማሹ መንደር በአንድ አፍ መናገር ይጀምራል። ያ ጎረቤት ወደ ሌላ ሰው መንደር ሲዛወር ቃሉን ይዞት ይሄዳል። የአዲሱ መንደር ባለቤት ፈጽሞ የማያውቀው ልጅ የፈጠረው ቀልድ፣ ከማያውቀው ከተማ፣ በአንድ ዳክዬ አፍ ላይ ተቀምጦ ቤቱ ይገባል። በቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ረቂቅ የሰው ለሰው መገናኛ ብዙ አልተሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጃፓን፣ በ2013 ደግሞ በሌላው ዓለም የወጣው «ኒው ሊፍ» ግን ጭካኔም ነበረበት። ተጫዋቹ መጫወቻውን ለጥቂት ሳምንታት ካላነሣ የሚወደው ጎረቤት ሳይሰናበተው ሊሄድ ይችላል። ብዙ ልጅ አልቅሷል። የሄደውም በዚያው አይጠፋም፤ ባለቤቱ ከሌላ ተጫዋች ጋር ሲገናኝ፣ ተገናኝቶም ያኛው ባዶ ቦታ ካለው፣ የሄደው ጎረቤት በሌላኛው መንደር ቤት ሠርቶ ይገኛል።

ወደ አዲሱ ጨዋታ እንመለስ። «ኒው ሆራይዘንስ» ያን ጭካኔ አስቀርቶታል። አንድ ጎረቤት መሄድ ሲያምረው በሐሳብ ተውጦ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ምን ሆንክ ብሎ ሲጠይቀው ልቡን ይገልጽለታል። አትሂድ ከተባለ ይቀራል። ሂድ ከተባለ በማግስቱ ቤቱ በካርቶን ሣጥን ተሞልቶ ይታያል። ያች አንዲት ቀን ናት የእንግዳ ኃይል ጣሪያ የምትነካው። ባዶ የቤት ቦታ ያለው እንግዳ በዚያ ቀን ከመጣና ሣጥኖቹ መሐል የተቀመጠውን ጎረቤት ካነጋገረው ወደ ራሱ ደሴት ሊጋብዘው ይችላል። ጎረቤቱም እሺ ካለ ጉዞው ወደዚያ ይሆናል።

ሲሄድ ታዲያ ባዶ እጁን አይሄድም። የቀድሞ ባለቤቱ ያለበሰውን ሸሚዝ ለብሶ ይሄዳል። የተማረውን አባባል ይናገራል። በስጦታ የተሰጠው ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሥዕል አብሮት ይጓዛል፤ ገና ደሴቱ ሲቆረቆር ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጎረቤቶች አንዱ ከሆነ ያች ቀለል ያለች የመጀመሪያ ቤቱ እንኳ አትቀርም። አንዳንድ ተጫዋች በዚህ ይበሳጫል። የሚፈልገው ጎረቤቱን ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የማንም እጅ ሳይነካው ነው። ለሌሎች ግን ዋጋው ያ ዱካ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ደሴት የመጣች በግ የለበሰችው ሹራብ አንድ ሰው በአንድ ምሽት አስቦ የመረጠላት እንደሆነ ያውቃሉና አያወልቁባትም። ይህን ወግ የሚጽፈው ሰው ልቡ የሚያደላው ወደነዚህ ነው።

የዱካው ሌላ ገጽ ገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ ሬይመንድ የተባለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ የተለያየ ቀለም ያላቸው ድመት በተጫዋቾች ዘንድ የተመኙት ሁሉ የማያገኙት ጎረቤት ሆነ። አዲስ ገጸ ባሕርይ ስለነበረ፣ ኒንቴንዶ ጎረቤትን ወደ ደሴት ለመጥራት የሚሸጠው ካርድ ገና አልወጣለትም ነበር፤ በዕጣ ካልመጣ ከሌላ ሰው ደሴት ከመጋበዝ በቀር መንገድ አልነበረም። ሰዎች ሬይመንድ ሣጥን ውስጥ በገባባት ቀን ደሴቱ ላይ ለመገኘት በጨዋታው የጉዞ ትኬት፣ በጨዋታው ገንዘብ፣ አንዳንዶቹም የኒንቴንዶን ደንብ ጥሰው በእውነተኛ ገንዘብ ሲደራደሩ ሰነበቱ። ድመቱ የማያውቀው ጨረታ ተካሄደበት። ያ ሬይመንድ ትናንት በሌላ ደሴት ለጎረቤቶቹ ሰላምታ ሲሰጥ የዋለው፣ ከባለቤቱም ደብዳቤ ሲቀበል የነበረው ያው ሬይመንድ ነው። እንግድነት ወደ ሸመታ ሲለወጥ ጨዋታው የቆመበት ነገር እንደሚሸረሸር መካድ አይቻልም። ኤጉቺ የናፈቁት ጎረቤት የሚገዛ ጎረቤት አልነበረም።

መጥፎ ዱካም ይመጣል። አንዳንዱ ተጫዋች ጎረቤቱን ስድብ ያስተምረዋል፤ ጎረቤቱም ትርጉሙን ሳያውቅ አዲሱ ደሴት ላይ እየደጋገመ ይለዋል። ለዚህም መፍትሔ ተበጅቷል። በደሴቱ የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ኢዛቤል የተባለች ቢጫ ውሻ አለች። ተጫዋቹ ስለ ጎረቤቱ አነጋገር ወይም ስለ አለባበሱ አቤቱታ ሲያቀርብላት ነገሩን ታነሣለታለች፤ ጎረቤቱም ወደ ቀድሞ ዐመሉ ይመለሳል። ማንንም አታባርርም፣ ማንንም አታሳፍርም።

አሁን ደግሞ እንግዳው ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል እንይ። በራፉ ኤርፖርት ነው። ኦርቪልና ዊልበር የተባሉ ሁለት ዶዶዎች ያስተዳድሩታል፤ ዶዶ ማለት ከምድር ላይ ከጠፋ ዘመናት የተቆጠሩለት፣ መብረር የማይችል ወፍ ነው። ባለቤቱ በሩን ለወዳጆቹ ብቻ መክፈት ይችላል፤ ወይም 5 ፊደልና ቁጥር ያለው የይለፍ ኮድ ተቀብሎ ለፈለገው ይሰጣል። በኒንቴንዶ ስዊች ባለቤቱን ጨምሮ 8 ሰዎች በአንድ ጊዜ ደሴቱ ላይ መገኘት ይችላሉ። አንድ እንግዳ ሲያርፍ የሁሉም ሥራ ይቆማል፤ ዓሣ የሚያጠምደውም፣ የሚያወራውም ባለበት ደርቆ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ይጠብቃል። የአንዱ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ሁሉም መጨረሻ ላይ ወደተመዘገበው ሰዓት ይመለሳሉ። የአንድ እንግዳ አመጣጥና አካሄድ ለሁሉም ይተርፋል።

ተራ እንግዳ መጥረቢያና አካፋ መጠቀም አይፈቀድለትም። ዛፍ መቁረጥና መሬት መቆፈር የሚችለው ባለቤቱ «የቅርብ ወዳጅ» ብሎ የመዘገበው ብቻ ነው። መረብ ግን አይከለከልም። ያን መረብ ጎረቤት ራስ ላይ ደጋግሞ ያሳረፈ ሰው ጎረቤቱ ሲቆጣ ያያል። አበባ መሐል መሮጥም አይከለከልም፤ ቅጠሉ ይረግፋል። ንድፍ አውጪዎቹ እንግዳውን ሙሉ በሙሉ እጁን ሊያስሩት ይችሉ ነበር፤ አላሰሩትም። መሬቱን ጠበቁ፣ ጎረቤቱንና አበባውን ግን ለእንግዳው ጨዋነት ተዉለት። ኤላይጃ ዉድ ፈቃድ የጠየቀው በዚህ በተተወለት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ የትዊተር መልእክት ሳጥናቸውን ለሕዝብ ከፍተው በየሰዉ ደሴት እየዞሩ ሲጠይቁም፣ የረገጡት መሬት በዚሁ ደንብ የሚተዳደር ነበር።

አበባን ካነሣን አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በዚህ ጨዋታ የተለያየ ቀለም ያላቸው አበቦች ጎን ለጎን ተተክለው ውሃ ሲጠጡ አዲስ ቀለም ያበቅላሉ። ባለቤቱ ብቻ ሲያጠጣቸው ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ከሌላ ደሴት የመጣ እንግዳ ሲያጠጣቸው ይጨምራል፤ 5 የተለያዩ እንግዶች ሲያጠጧቸው ደግሞ አበቦቹ ወርቃማ ብልጭታ ያወጣሉ፣ የማዳቀል ዕድላቸውም ከሁሉ ይበልጣል። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢደክም ያን ብልጭታ ብቻውን አያገኘውም። ሰማያዊ ጽጌረዳ ለማግኘት የሚለፉ ሰዎች የውሃ ማጠጫ የያዙ አምስት ወዳጆች ቀጥረው ደሴታቸው ላይ የሚሰበስቡት ለዚህ ነው።

ምንም ዱካ የማይቀርበት እንግድነትም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ሉና የተባለች ታፒር መጣች፤ ተጫዋቹ አልጋው ላይ ሲተኛ የሌላ ሰው ደሴት በሕልም ታሳየዋለች። በሕልሙ ጎረቤቶቹን ያነጋግራል፣ እንዳሻው ይሮጣል። ሲነቃ ግን በዚያ ደሴት የተለወጠ ነገር የለም፤ ጎረቤቶቹም መጥቶ እንደነበር አያውቁም። ይህ ለሕዝብ ማሳያ ይመቻል፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የጆ ባይደን የምርጫ ዘመቻ ያሠራው ደሴት የተጎበኘው በሕልም በኩል ነበር። በቀጣዩ ወር ኒንቴንዶ ድርጅቶች ፖለቲካን ወደ ጨዋታው እንዳያስገቡ የሚጠይቅ መመሪያ አወጣ። ሕልሙ ምቹ ነው፣ ሥጋትም የለበትም። ይሁን እንጂ በሕልም የመጣ እንግዳ አበባ አጠጥቶ ወርቅ አያስፈነጥቅም፣ ሣጥን መሐል የተቀመጠ ጎረቤትንም ወደ አዲስ ቤት አይወስድም። ያለ ሥጋት ዱካ መተው አልተቻለም።

ጨዋታውስ በተጫዋቹ በራሱ ላይ ምን ዱካ ይተዋል? በዚያው በ2020 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጨዋታ ኩባንያዎች የተገኘ ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት መዝገብ ይዘው ሰዎች ስለ ደኅንነታቸው ከሰጡት መልስ ጋር አስተያዩ። ከተጠኑት 3,274 ተጫዋቾች 2,756ቱ የዚህ ጨዋታ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ሰዓት የተጫወቱት በጥቂቱም ቢሆን የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ታየ። ጥናቱ ያስተያየው ሰዓቱንና ስሜቱን ብቻ ነው፤ ጨዋታው ሰዎቹን እንዳስደሰታቸው ወይም የተደሰቱት ሰዎች ብዙ እንደተጫወቱ አልለየም። ያም ሆኖ ልጆች በጨዋታ ምክንያት ይበላሻሉ ብለው ለሚሰጉ ወላጆች ቆም ብሎ ማሰቢያ የሚሆን ግኝት ነው፤ ልጃቸው ስክሪኑ ላይ አቀርቅሮ የሚያደርገው ምናልባት የጎረቤቱን ድመት ጤንነት መጠየቅ ይሆናልና።

እንደ ጎረቤቶቹ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ እንግዳም አለ። በደሴቱ የካምፕ ሥፍራ አንዳንድ ቀን አዲስ ፊት ድንኳን ውስጥ ይገኛል። ተጫዋቹ አነጋግሮት፣ ካርታ ተጫውቶ እዚህ ኑር ሲለው፣ 10ሩም ቤት የተያዘ ከሆነ እንግዳው ከነባሮቹ የአንዱን ስም ይጠራል፤ እሱ ቦታውን ቢለቅልኝስ ይላል። ብዙ ተጫዋች በዚህ ጥያቄ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። በስም የተጠራው ጎረቤት በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ እየዘፈነ፣ ወይም ከቤቱ ደጃፍ አበባ እያሸተተ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የወጣው ትልቅ ማሻሻያ ነገሩን ገለበጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቶቹ ራሳቸው እንግዳ መሆን ጀመሩ። ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ በሩ ይንኳኳል፤ ድቡ ወይም በጓ ልግባ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሲገቡ ዕቃውን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ካርታ እንጫወት ይላሉ፣ ስጦታም ይዘው የሚመጡ አሉ። በሩን መክፈት አለመክፈት የተጫዋቹ ፈንታ ነው።